የት ልተኛ ብዬ ስጨነቅ

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣ ለእታለም፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ደረጃ ስትወጪ አሁንም ይጮኻል ወይስ ያ ቅባት ትንሽ ፋታ ሰጠሽ? እማዬ እንዴት ናት? የዓይኗን ጠብታ ሳታቋርጥ ታደርጋለች? ጋሼ ባልሽስ ከሳሉ ተሻለው? ልጆቹስ ትምህርታቸውን እንዴት ይዘውታል? ሁላችሁንም በጤና ያቆይልኝ። እኔና ባለቤቴ እየበላን እየጠጣን ወደ ሥራም እየሄድን ነው። ልባችን ግን ከተሰቀለበት አልወረደም።

በስልክ ለምን አልነገርሽኝም እንደምትዪኝ አውቃለሁ። እታለም፣ አንቺ እኮ ስልክ ስታወሪ ድምፁን ለቀሽ ጠረጴዛ ላይ ነው የምታስቀምጪው። ባለፈው ጎረቤትሽ ወንፊት ልትዋስ መጥታ ስለ ማህፀኔ ምክር ሰጥታኝ ነው የሄደችው። ደግ ሴት ናት፣ አልተቀየምኳትም። ይኼኛውን ግን መጀመሪያ አንቺ ብቻሽን እንድታውቂው ፈለግሁ። በርሽን ዝጊና አንብቢው።

እንደምታውቂው ክሊኒኩ ከእኔና ከባለቤቴ ወስዶ ከማህፀን ውጪ ያዳቀላቸውን ሁለት ሽሎች አስቀምጦልናል፤ በቅዝቃዜ ውስጥ ሆነው እኔን ይጠብቃሉ። ባለፈው ወር ሐኪሙ ወደ ማህፀኔ ሊመልሳቸው ሲዘጋጅ በአልትራሳውንድ አንድ ነገር አየ። የማህፀኔ ግድግዳዎች አንድ ቦታ ላይ በጠባሳ ተያይዘዋል። እኔ እንደ ገባኝ፣ እጅጌ ስንሰፋ የላዩና የታቹ ጨርቅ ሳናውቅ አብሮ ተሰፍቶ እንደሚቀረው ማለት ነው። ጠባሳው ሳይፈታ ሽሎቹ ቢገቡ ቦታ አያገኙም። ስለዚህ በቀጭን ካሜራ ገብቶ የተያያዘውን ቀስ እያሉ መፍታት ያስፈልጋል አለን። የት ይሠራ የሚለው ነው እንቅልፍ የነሳን።

አንቺ «እኔ ጋ ነይ፣ ልጆቼን ያዋለደኝ ዶክተር እያለ የምን መንከራተት ነው!» አልሽ። ባለቤቴ «እዚያው ክሊኒኩ ያድርግልሽ፣ በሃያ ደቂቃ ያልቃል» አለ። እንደምታውቂው የሊፍት ጠጋኝ ነው፤ አንድን ቤት በሊፍቱ ነው የሚመዝነው። የክሊኒኩ ሊፍት ኮሽ ሳይል ስለሚወጣ ሐኪሙም እንዲሁ ይመስለዋል። እኔም ክሊኒኩን ነበር የመረጥኩት። የኔ ምክንያት ግን ሌላ ነው፤ ከባለቤቴ በቀር ለዘመድ ለማንም ሳልተነፍስ ሦስት ዓመት በሆዴ ይዤው ኖሬያለሁ።

እታለም፣ ትልቁ ልጅሽ የተመረቀ ጊዜ «ሥራ በዝቶብኝ አልመጣም» ያልኩሽ ትዝ ይልሻል? ሥራ አልነበረም። አርግዤ ነበር። በሦስተኛው ወር ደም መታኝና እዚህ ትልቁ ሆስፒታል ገባሁ። ፅንሱ ወርዶ ነበርና ማህፀኔን ጠረጉኝ። ባለቤቴ ለሥራ ሌላ ከተማ ነበር። ሁለት ቀን ብቻዬን ተኝቼ ወጣሁ። አንቺ በዚያው ሰሞን እማዬን ዓይኗን አሳክመሽ ገና ማስታመምሽ ነበር፤ በምን አፌ ልንገርሽ? ደግሞ እውነቱን ልንገርሽና አፍሬም ነበር። ምን እንዳሳፈረኝ ዛሬም አላውቅም። ከዚያ ወዲህ በዚያ ሆስፒታል በር የሚያልፍ ታክሲ አልሳፈርም፤ ዞሬ ነው የምሄደው።

የክሊኒኩ ሐኪም ገና ወጣት ነው፤ ትሑት ነው። ክፍሉን ከፍቶ አሳየኝ። የስፌት ቤታችንን የመቁረጫ ጠረጴዛ ብታስገቢበት መተላለፊያ የማይቀርለት፣ ንጹሕ፣ ጸጥ ያለ ክፍል ነው። መጋረጃው ጠርዙ ተንጋዶ ተሰፍቷል፤ የሙያ ነገር ሆኖብኝ ዓይኔ እዚያ ላይ ቀረ። ቀን ሰጠኝ። ከዚያ ግን ቀድሞ ተጠርጌ እንደነበር ስነግረው «ያኔ የተጠረግሽበትን የሆስፒታል ወረቀት አምጪልኝ፣ ሳላየው አልነካሽም» አለኝ። ወረቀቱ ጠፍቷል ብዬ ዋሸሁት። «እነሱ ጋ አይጠፋም፣ ሂጂና ጠይቂ» አለኝ ፈገግ ብሎ።

ባለቤቴ አብሮኝ ሄደ። በሩ ላይ ስደርስ ልመለስ ዞርኩ፤ ክንዴን ይዞ አስገባኝ። የካርድ ክፍሏ ሴትዮ ፋይሌን ካቧራው መካከል አወጣችና ገልጣ አየች፣ ቀና ብላም እኔን አየችኝ። «ይኼንንስ ሐኪም ቢያነብልሽ ይሻላል» ብላ ወደ ሦስተኛ ፎቅ ላከችን። እዚያ ያገኘናት ሐኪም ጠና ያለች፣ ነጠላ ጫማ የተጫማች፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ መነጽር የምትፈልግ ሴት ናት። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችውና «ያኔ ምን እንደተፈጠረ የነገረሽ ሰው አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። «ምን ተፈጠረ?» አልኳት።

ስጠረግ መሣሪያው የማህፀኔን ግድግዳ ወግቶት ነበር፣ እታለም። በስቶታል። ደሙ በራሱ ስለቆመ ሁለት ቀን አስተኝተው ተከታትለውኝ ለቀቁኝ። ለእኔ «የደም ግፊትሽን እንይ ብለን ነው» ነበር ያሉኝ። ሐኪሟ ወረቀቱን አጠፈችና «ሊነግሩሽ ይገባ ነበር፣ አልነገሩሽም። እኔ ያኔ እዚህ አልነበርኩም፤ ቤቱ ግን ቤታችን ነው፣ ይቅርታ አድርጊልን» አለችኝ። ባለቤቴ ብድግ ብሎ ወጣ። ኮሪደሩ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ሲል ኮቴው ይሰማኝ ነበር። ሐኪሟም አቤቱታ ማቅረብ ከፈለግን የት እንደምናቀርብ ሳትጠየቅ በራሷ እጅ ጻፈችልን።

ከዚያ ቁጭ አድርጋ አስረዳችኝ። ጠባሳው ይፈታል። ግን አንድ ጊዜ የተወጋ ማህፀን ስለሆነ ነቅቼ፣ በትንሽ ክፍል ውስጥ የሚሠራ አይደለም። ማደንዘዣ ወስጄ፣ በኦፕራሲዮን ክፍል፣ ካሜራው በውስጥ ሲሠራ ሌላ ሰው በሆዴ ላይ በአልትራሳውንድ መንገዱን እያየ መሆን አለበት። «እዚህ ሥሪ አልልሽም፤ እንዲህ ያለ ክፍል ባለበት ይሁን ነው የምልሽ» አለች።

ወረቀቱን ይዤ ወደ ክሊኒኩ በረርኩ። ልጁ ሐኪም አንብቦ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ። «ይኼን በእኔ ክፍል አልሠራውም» አለ። ለመንኩት፣ እታለም። ዓይኔን በጨው አጥቤ ለመንኩት። ያ ቤት ከሚነካኝ አንተ ብትሳሳት ይሻለኛል አልኩት። እሱም «ሥራውን አልችልበትም ብዬ አይደለም። አንድ ነገር ቢፈጠር ከዚህ ተነሥቼ የምሮጠው መንገድ ስለሚረዝም ነው» አለኝ። የገዛ ሚስትህ ብትሆን የት ትልካት ነበር ብዬ ጠየቅሁት። ስሟን ጠራልኝ፤ ያቺው ነጠላ ጫማ ያደረገችው ናት። ሥራውን ያስተማረችው እሷ ነች።

አንቺ ጋ ያለውንም ሆስፒታል ሳልነግርሽ ደውዬ ጠይቄያለሁ። የአንቺ ዶክተር ለማዋለድ እጁ የተባረከ ነው፣ ግን ካሜራው የላቸውም። ነርሷ «እንዲህ ያለውን እኛ ወደ እናንተ ነው የምንልከው» አለችኝ። ስለዚህ አትቆጪኝ፣ ንቄው አይደለም።

ባለቤቴ «እዚያ ቤት ዳግመኛ አትተኚም!» ብሎ ማለ። ሌላ ከተማ እንፈልግ አለ። ሦስት ቀን በአንድ ቤት ውስጥ «ጨው አቀብዪኝ» ብቻ እየተባባልን ከረምን። ሥራ ቦታም ልቤ አልነበረም፤ የነርሶች ዩኒፎርም እየሰፋሁ ግራውን እጅጌ በቀኙ ገጠምኩት። አጠገቤ የምትሰፋው፣ ከቅጥነቷና ከምላሷ የተነሣ «መርፌ» የምንላት ጓደኛዬ ስትተረትርልኝ ዋለች። ወደ ማምሻው ላይ ሁሉንም ነገርኳት። «ያ ቤት የዋሸሽ ነው ወይስ እውነቱን የነገረሽ?» አለችኝ። ሁለቱንም አልኳት። «እንግዲያው ቤቱን ተይውና እውነቱን የነገረችሽን ሴትዮ ያዢ» አለችኝ።

ሰኞ ብቻዬን ሄድኩ። ጥያቄዎቼን በወረቀት ጽፌ ነበር፤ ወረቀቱን ስዘረጋ ውሃ ሰጠችኝ። መሣሪያውን የምትይዢው አንቺ ነሽ ወይስ ተማሪ? «እኔ ነኝ። ተማሪ ቆሞ ያያል፤ ካልፈለግሽ አይገባም።» እንደኔ ያለ ስንት ሠርተሻል? ነገረችኝ፤ ያልተሳካውንም ጭምር። ጠባሳው ተመልሶስ ቢመጣ? «ሊመጣ ይችላል። ዋስትና አልሰጥሽም።» ይኼን ስትል ሐሞቴ ፈሰሰ፣ ግን ደስም አለኝ፤ እንዲህ ብሎ የመለሰልኝ የለማ! መጨረሻ ላይ፣ ስነቃ የሆነውን ሁሉ ማን ይነግረኛል አልኳት። «እኔ ራሴ፤ መልካምም ሆነ ክፉ» አለችና ያንኑ ቃል ዓይኔ እያየ ካርዴ ላይ ጻፈችው። ከሥሩ ፈረምኩ።

ማታ ለባለቤቴ ስነግረው መፍቻውን መወልወሉን ቀጠለ። በነጋታው ለኦፕራሲዮኔ ቀን ከሥራ ፈቃድ እንደወሰደ ከአለቃው ሚስት ሰማሁ። ለእኔ እስካሁን አልነገረኝም፣ እኔም እንዳላወቅሁ ሆኛለሁ።

ቀኑ የዛሬ ሁለት ሳምንት ሐሙስ ነው። እሷ ዘንድ ልተኛ ወሰንኩ እንጂ ፍርሃቱ አልለቀቀኝም፣ እታለም። ልብስ ስለካ፣ ውሃ ስቀዳ፣ ሰው ሲያናግረኝ እጄ ሳላዝዘው ሆዴ ላይ ያርፋል። ማደንዘዣውን እፈራለሁ። ነቅቼ የምሰማውን ደግሞ ይበልጥ እፈራለሁ። ያኔ ብቻዬን የሆንኩት ስላልጠራሁሽ ነው፤ አሁን እየጠራሁሽ ነው። ሦስት ዓመት ስለደበቅኩሽ ብትቆጪኝ አልፈርድብሽም። እስክትበርጂ አትጠብቂ ብቻ፤ ተቆጥተሽም ቢሆን ነይ። መንገድ ላይ ትጨርሺዋለሽ፣ ካልጨረስሽም እኔ ፊት ጨርሺው።

ጋሼን ሰላም በይልኝ፤ ሁለት ሳምንት ያላንቺ ወጥ ቢያሳርር በእኔ ይሁንበት። ትልቁን ልጅሽን፣ ጠበቃውን፣ ምረቃው ላይ ስላልተገኘሁ ይቅር በለኝ በይልኝ፤ መከራከሩን ሲጨርስ ጉንጩን ሳሚልኝ። ትንሿን ልጅሽን፣ ሚጢጢን፣ እቅፍ አድርገሽ ሳሚልኝ፤ ዩኒፎርሟን እኔ ነኝ የምሰፋላት፣ ቁመቷን ለክተሽ አምጪልኝ። ለእማዬ ጉልበቷን ስመሽልኝ ይኼን ደብዳቤ አንብቢላት። ስጀምር ልደብቃት ነበር ያሰብኩት፣ እየጻፍኩ ሳለ ግን መደበቁ ሰለቸኝ። እንዴት ናት ብላ ስትጠይቅሽ «ደህና ናት» ብለሽ አታሳልፊያት። ፈርታለች፣ ግን ጠይቃ፣ አይታ፣ ራሷ መርጣለች በያት።

ታናሽ እህትሽ

ከስፌት ቤቱ፣ በምሳ ሰዓት
ሐሙስ፣ የካቲት 21 ቀን