የፔግ ጉልበትና የአባባ ምስጋና

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ክላይቭ፤

እንደምን ከረምክልኝ? ሊንዳስ ልጆቹስ ደህና ናቸው? ፐርዝ ሙቀቱ በርትቷል ሲባል ሰምቼ ያ ራስ ምታትህ እንዳይነሳብህ ሰጋሁ። እዚህ ዝናቡ እንደምታውቀው ነው፤ እኔም አባባም ደህና ነን። ደህና ያልሆነችው ፔግ ናት።

እማማ ካረፈች ወዲህ አባባ ልባቸውን የሚያካፍሉት ለዚህች ውሻ ብቻ ነው። ባለፈው ወር አጥር ስትዘል የኋላ ጉልበቷ ጅማት ተበጠሰ። ቀዶ ጥገና ካልተደረገላት መራመድ አትችልም ተባለ። ወጪው በአባባ ጡረታ የሚቻል አይደለም። ኢንሹራንስ አላት ብለን ስንጽናና፣ ድርጅቱ «ውል ከመግባታችሁ በፊት የነበረባት ሕመም ስለሆነ አንከፍልም» ብሎ መለሰልን።

ይህን ያገኙት ከሐኪሟ መዝገብ ነው። ኢንሹራንስ ከመግባቷ በፊት አባባ ለክትባት ወስደዋት ሐኪሟ «እንዴት የምታምር ውሻ ናት!» ትላቸዋለች። የእኛ የዮርክሸር ሰው የራሱ ነገር ሲመሰገንበት መግቢያ ይጠፋዋል። አባባም «ኧረ ተይኝ፣ ምኗ ያምራል? ከተወለደች ጀምሮ የምታነክስ ሰነፍ!» ብለዋት አረፉ። ሐኪሟ ደግሞ ከለንደን ገና መምጣቷ ነበርና የምራቸውን መስሏት ጻፈችው።

አሁን በጣም አፍራ፣ በየዓመቱ ስትመረምራት እግሯ ጤነኛ እንደነበር መስክራለች። ድርጅቱ ግን ባለቤቱም ቃላቸውን በጽሑፍ ያስተካክሉ አለ። አባባ ፔግን ማመስገን ሊኖርባቸው ነው! ሦስት ቀን ወረቀቱ ላይ አፈጠጡ። መጀመሪያ የጻፉት «ብዙም አትከፋም» የሚል ነበር። «አባባ፣ በዚህማ አንድ ጥፍሯም አይታከምላትም!» ብዬ ተቆጣኋቸው። በመጨረሻ «አንድም ቀን አንክሳ አታውቅም። ያን ያልኩት ስላፈርኩ ነው። እንደ እሷ ያለ ውሻ በዕድሜዬ አላየሁም» ብለው ጻፉ። ሲያነቡልኝ አለቀስኩ።

ትናንት ድርጅቱ እሺ አለ። ሐሙስ ቀዶ ጥገናው ይደረግላታል።

ሊንዳን እቀፍልኝ። ቶቢን ግንባሩን፣ ትንሿን አይሪስን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳምልኝ። አባባም ሰላም ብለውሃል። ደብዳቤውን ላሽግ ስል «ቆይ» አሉኝና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው፣ «ለክላይቭ ጎበዝ ልጅ ነው በይልኝ። ልጅ ሳለም ጎበዝ ነበር፤ ነግሬው አላውቅም» አሉ።

እህትህ ዌንዲ
ስኪፕተን፣ ፌብሩዋሪ 7 ቀን 2023