ከጉልበትህ ያላለፈ ውኃ

ለልጄ ለይበልጣል፣

ከተለየኸኝ ሦስት ክረምት አለፈ፤ መርዶህን ከሰማን ደግሞ ዓመት ከመንፈቅ። በመሠረተ ትምህርት በተማርሁት ፊደል ስለምጽፍልህ ቀስ እያልሁ ነው። አንድ መሥመር ጽፌ አርፋለሁ።

ቤታችን እንዳለ ነው። አባትህ ያው ፋብሪካ ይገባል፣ ይወጣል። እኅትህ ትርንጎ አሥራ ሁለት ዓመት ሞላት፤ ቁመቷ ከእኔ ሊተካከል ነው። እኔ ከገበያና ከቤተ ክርስቲያን በቀር የትም አልሄድም። በሐይቁ በኩል ያለውን መስኮት ዘግቼዋለሁ፤ ቢዘጋም መንገዱ ይታየኛል።

የእሑዱን መንገድ መቼም አትረሳውም። ከቅዳሴ መልስ አባትህ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ይቀድማል፣ አንተ ዳቦውን ትይዛለህ፣ እኔ ትርንጎን አዝዬ እከተላለሁ። ቁጥቋጦው ውስጥ እሾህ ነጠላዬን ሲይዘው አንተ ትመለስና ታላቅቀኛለህ። ዋንዛውን አልፈን ደንገሉ ሲሳሳ ያ ጥቁር ጠፍጣፋ ድንጋይ ይመጣል፤ መዋኛችን።

አባትህ ዘጌ ስላደገ ውኃ አይፈራም። እኔ የደጋ ሰው ነኝ፤ ሐይቅ ያየሁት ተድሬ ስመጣ ነው። ሆድህን በመዳፉ ደግፎ ሊያስተምርህ ሲጀምር እኔ ከድንጋዩ ላይ እጮሃለሁ፤ «ይበልጣል፣ ውጣ፣ ይበቃሃል።» አባትህ ይስቃል። «አንቺ ሴት፣ ልጁን ተይው። ሐይቅ ዳር ተወልዶ ዋና ካላወቀ ምን ሊሆን ነው?» ይለኛል። አንተ ግን «እሺ እማዬ» ብለህ ትወጣለህ። ሁልጊዜ ትወጣ ነበር። ጓደኞችህ አሞሌ ብለው ስም አወጡልህ፤ ጨው ነው፣ ውኃ ከነካው ይሟሟል እያሉ። እኔም ሰምቼ ስቄአለሁ። ታዛዥ ልጅ ስላለኝ ኮርቼም ነበር።

ለብሔራዊ ውትድርና ልጅ ሲታፈስ ከጓደኞችህ ጋር ወደ መዋኛው ሂድ ያልሁህ እኔ ነኝ። በዚያ ቁጥቋጦ ማን ይመጣል ብዬ። ስንቅህን ቋጥሬ በጓሮ አስወጣሁህ። ከዚያ በኋላ ያየሁህ መኪና ላይ ተጭነህ፣ ከሩቅ ነው።

እንዴት እንደተያዝህ የሰማሁት ዘንድሮ ነው። ገጠር አጎቱ ዘንድ ተሸሽጎ የከረመው ጓደኛህ አንተነህ ለፋሲካ መጥቶ፣ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሣ ነገረኝ። ታጣቂዎቹ በቁጥቋጦው በኩል ሲመጡ ልጆቹ ሁሉ ዘለው ገቡ፤ እየዋኙ ሄደው ደንገሉ ውስጥ ተሸሸጉ። አንተ እስከ ጉልበትህ ገብተህ ቆምህ። «ና እንጂ አሞሌ» እያሉ ጠሩህ። ወደ ውኃው አየህ፣ ወደ ሰዎቹ አየህ። ከዚያ ወጥተህ ጫማህን አደረግህ።

ልጄ፣ ከኋላህ ጠመንጃ ነበር፣ ከፊትህ ደግሞ የእኔ ድምፅ።

አባትህም ይህን ሰምቷል። «ነግሬሽ ነበር» ቢለኝ ይቀለኝ ነበር። እራት አቀርባለሁ፣ ይበላል፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ይላል። እሱ አይናገር፣ እኔ አልጠይቅ፤ በአንድ ጣሪያ ሥር እንዲሁ ተቀምጠናል። ተነሥቼ እንዳልሄድ የምሄድበት የለኝም፤ ብሄድም ይዤው የምሄደው ነገር ነው።

ባለፈው እሑድ ትርንጎ አባትህን ዋና አስተምረኝ አለችው። ቀና ብሎ ወደ እኔ አየ። ፎጣውን አውጥቼ ሰጠሁት። ሦስታችን ሄድን፤ መንገዱን ቁጥቋጦ አጥብቦታል። ድንጋዩ ላይ ቆምሁ። ራሷ ውኃ ውስጥ ሲገባ አፌ ተከፈተ፤ የነጠላዬን ጫፍ ነከስሁ። ብቅ ስትል ሳል እያፈናት፣ እንዳንተው ዞር ብላ አየችኝ፤ እስክጠራት ትጠብቃለች። አልጠራኋትም። አባትህ እጁን ከሆዷ ሥር አወጣ፤ ጥቂት ሄደች።

አንተን የማለቅስበት መቃብር አልሰጡኝም። ስለዚህ ከእንግዲህ እሑድ እሑድ እዚያ እወርዳለሁ። እኅትህ ከዳር እየራቀች ስትሄድ፣ ልቤ እየጮኸ፣ አፌን ይዤ እቆማለሁ። እስካለሁ ድረስ የማስብህ እንደዚያ ቆሜ ነው።

እናትህ