ያልበቀለ ዘር አልረከብም ያሉት ወይዘሮ በላይነሽ ረዲ

እኛ የብሩህ መስክ ገበሬዎች ዩኒየን ሠራተኞች መረዳጃ ዕድር አባላት፣ በመርሳ መጋዘን የዘር ጥራት ተቆጣጣሪና የርክክብ ኮሚቴ አባል የነበሩት ባልደረባችን ወይዘሮ በላይነሽ ረዲ ግንቦት 28 ቀን 2017 ዓ.ም. በድንገተኛ ሕመም ከዚህ ዓለም በመለየታቸው ሐዘናችን መራራ ነው። ይህን መግለጫ የምናወጣው እኛ እንጂ ዩኒየኑ አይደለም። አመራሩ ያዘጋጀው መግለጫ «ከሁሉም ጋር ተግባቢ» ይላቸዋል፤ አልነበሩም።

በ2006 ዓ.ም. ወልድያ በሚገኘው ዋና መሥሪያ ቤት ተቀጠሩ። ዘር በገባ ቁጥር ከየከረጢቱ እየዘገኑ በጣሳ ይዘሩና በመንገድ በኩል ባለው መስኮት ላይ ይደረድሩት ነበር። ገበያ የሚወጣው ገበሬ ቆም ብሎ ያያል። በዚህ የተነሳ የሞተ ዘር ደህና ነው ብሎ ማከፋፈል አስቸጋሪ ሆነ።

በ2010 ዓ.ም. «ለሥራ ቅልጥፍና» ተብሎ ወደ ግራና ከተማ መጋዘን ተዛወሩ። ወንበር እንኳ አልተሰጣቸውም። ከረጢት ላይ ተቀምጠው ሠሩ፤ ክፍሉ መስኮት ስላልነበረው ጣሳዎቹን ደጃፉ ላይ ደረደሩ።

በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ መጋዘናችን በእርግጥ ተዘርፏል። አመራሩ ግን ቀደም ብሎ ራሱ ጭኖ የወሰደው ማዳበሪያም አብሮ ተዘረፈ እንዲባል ፈለገ። ወይዘሮ በላይነሽ ሲጫን አይተው ነበርና አልመሰክርም አሉ። የደረጃ ዕድገታቸው ታገደ፤ ወደ መርሳ መጋዘንም ተዛወሩ። ከመሰከሩት አንዱ ዛሬ ሥራ አስኪያጃችን ናቸው።

በዚህ ግንቦት ለሀብሩ ወረዳ ገበሬዎች የሚከፋፈል የማሽላ ዘር መርሳ ገባ። ወይዘሮ በላይነሽ እንደ ልማዳቸው ጣሳ ላይ ዘሩት፤ ውጤቱን ሳያዩ ዐረፉ።

በቀብራቸው ላይ ሥራ አስኪያጁ የሕይወት ታሪካቸውን ሊያነቡ ሲነሱ፣ ባለቤታቸው አቶ አብዱልሐሊም ከለከሏቸው። «ወንበር ነስታችኋት ኖራችሁ፣ ዛሬ ስለ እሷ ቆማችሁ አትናገሩ» አሏቸው። ዕድራችን ከዚህ የተሻለ ንግግር የለውም።

ለባለቤታቸው፣ ለልጆቻቸውና በየጣሳው ፊት ቆመው ላመኗቸው ገበሬዎች አላህ ጽናቱን ይስጥልን።

ጣሳዎቹን ከቀብር መልስ እኛ ውኃ ስናጠጣ ሰነበትን። አንድም አልበቀለም። ከመካከላችን ቀሪዎቹ የርክክብ ኮሚቴ አባላት የሆንነው ዘሩን ፈርመን ተረክበን በአስቸኳይ እንድናከፋፍል ታዘናል።

አልፈረምንም።