«ዕድሜው አብቅቷል» ላላችሁን

ለተከበራችሁ የድምፅ መቅጃ ሣጥን አምራች ድርጅት፣
ካላችሁበት ሩቅ አገር

ጤናችሁ እንደምን ሰንብቷል? መብራታችሁ ሳይጠፋ፣ ኮምፒዩተራችሁም የሰካችሁትን ሁሉ እያወቀላችሁ እንድትኖሩ ከጎንደር፣ ከቀሐ ወንዝ ማዶ እመኝላችኋለሁ። እኔ ይመኙሽ ነኝ፤ የዜማ መምህሩ የመሪጌታ ፍቅረ ማርያም ልጅ። አባቴ የፊታችን ረቡዕ ጉሮሮው ላይ ቀዶ ሕክምና ይደረግለታል። ሐኪሙ ድምፁ ላይመለስ ይችላል ብሎናል፤ ስለዚህ ከመምህሩ የተቀበለውን ዜማ ከዚያ በፊት ልቀዳው ተነሣሁ። በዚህ መካከል ያደረጋችሁልኝን ውለታ እንድዘረዝር ይፈቀድልኝ።

አንደኛ፦ ሣጥናችሁ ሸጋ ዕቃ ነው። ከአሮጌው ኮምፒዩተሬ ጋር ዐሥር ዓመት ሳይጣላ ኖሯል። ያ ኮምፒዩተር መብራት ሲሄድ ሲመጣ ተቃጠለና አዲስ ያዝኩ። አሁን ሣጥኑን በዩኤስቢ ገመዱ ስሰካው አረንጓዴ መብራቱ ይበራል፤ ኮምፒዩተሩ ግን አላውቀውም ይላል። ሁለቱን የሚያስተዋውቀውን፣ ድራይቨር የምትሉትን ፕሮግራም፣ ለአዲስ ኮምፒዩተር አልሠራችሁለትም። ገመድ ቀየርኩ፣ አጥፍቼ አበራሁ፣ ተሳልኩም።

ሁለተኛ፦ በስልክ ቅጂ እንዳትሉኝ፣ ሞክሬዋለሁ። ስልኩ የአባቴን የደከመ ድምፅ ከጫጫታ ቆጥሮ ያጠፋዋል። የጎረቤታችን አውራ ዶሮ ግን ጥርት ብሎ ይሰማል።

ሦስተኛ፦ ስለ ፈጣን መልሳችሁ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ደንግጬ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ጮክ ብዬ አነበብኩት፦ «ዕድሜው አብቅቷል፤ ከእንግዲህ ድጋፍ አይደረግለትም።» አባቴ ከሐኪም ወረቀት ይመጣል ብሎ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ሲጠብቅ ነበር። ተማሪዎቹ አንቱ ይሉታል፤ እኔ ግን ከልጅነቴ አንተ ነው የምለው። አማርኛችን ደግሞ ሣጥኑንም አባቴንም «እሱ» ይላል። ጋቢውን አስተካከለና ንስሐ አባቱን እንድጠራለት በዝግታ ጠየቀኝ። ስለ ሣጥኑ መሆኑን ሳስረዳው ሳቀ፤ ሳቁን ግን ሳል ቆረጠው። እኔ እስካሁን አልሳቅኩም። ፈርቻለሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ጧት ስነሣ መጀመሪያ የማደርገው አባቴ እስኪያስል ድረስ ጆሮዬን ወደሚተኛበት መደብ አቅንቼ መጠበቅ ነው።

አራተኛ፦ አዲሱን ሞዴል እንድይዝ መክራችሁኛል። እዚህ እስኪደርስ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። ዛሬ እሑድ ነው።

የምለምናችሁ ትንሽ ነገር ነው፤ ያንን ፕሮግራም ለአዲሱ ኮምፒዩተር አስተካክላችሁ ላኩልኝ። ጊዜ ከሌላችሁ አሠራሩን ግለጡትና ሌላ ሰው ያስተካክለው።

ድጋፍ የማይደረግለትን ሣጥን አቧራ እንዳይነካው በነጠላዋ ሸፍና የምታስቀምጥ፣
አክባሪያችሁ
ይመኙሽ ፍቅረ ማርያም

ድኅረ ጽሑፍ፦ አባቴ ሰላም ብሏችኋል፤ ዕድሜያችሁንም ያርዝመው ብሏል። ፕሮግራሙን ከረቡዕ በኋላ ብትልኩትም አልቀየምም። ያን ጊዜ የጎረቤቴን ዶሮ እቀዳበታለሁ።