የሕያው ሰው መጽሐፍ

የተወደዱ አባቴ፣ የኔታዬ፤

ከተለያየን ይኸው ዓመት ከአራት ወር ሆነን። ሙት ዓመትዎን አውጥተናል። እናቴ ድግሱን አላሳነሰችም፤ ካህናቱም በልተው ጠጥተው፣ ነፍስዎን አስበው ሄዱ። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ መቀመጥ አቅቶኛል። ከደብረ ታቦር ጋፋት፣ ከጋፋት ደብረ ታቦር እመላለሳለሁ። ቤት ስገባ መውጣት ያምረኛል፤ ስወጣ መመለስ። ባለፈው እሑድ በቅዳሴ መካከል የዲያቆንነት ተራዬ ደርሶ አፌን ስከፍት የመጣልኝ የጀርመን ቃል ነበር። ዋጥ አደረግሁት። ቄሱ ገልመጥ አድርገው አዩኝ።

የቅኔ ተማሪዎችዎ ተበትነዋል። ገሚሶቹ ወደ ጎጃም ቅኔ ቤቶች ተሻገሩ፤ ጎጆዎቻቸውን ክረምቱ አፈረሳቸው። እናቴ በቦታው ገብስ ዘርታበታለች። ጋፋት ላይ ለንጉሡ መድፍ የሚሠሩት ፈረንጆች ብረት ማቅለጫ ቀን ሙሉ ይጨሳል።

እርስዎን ያስቆጣውን ነገር ዛሬ መልሼ ላንሣው። ከጋፋት ፈረንጆች አንዱ፣ ያ ረጅሙ ጀርመን፣ አማርኛ እንዳስተምረው ጠርቶኝ ነበር። እኔ አማርኛ አስተማርሁት፤ እሱም በተራው ቋንቋውን አስተማረኝ። ቆይቶ አንድ መጽሐፍ አወጣልኝ። የጸሎት መጽሐፍ አልነበረም፤ የአገሩ ደራስያን ስለ ሸማኔ፣ ስለ ወፍጮ ጠባቂ፣ ስለ ድኻ ገበሬ የጻፉት ታሪክ ነው። እርስዎ ይህን ከሰው አፍ ሰምተው አስጠሩኝ።

«ጸሐፊዎቹ መቼ ነው የሞቱት?» አሉኝ።

«ገና በሕይወት ያሉ ናቸው፣ የኔታ።»

«የሕያው ሰው መጽሐፍ እንዴት ይማሩታል? ሰውየው ነገ ቢሳሳትስ?»

ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳያነጋግሩኝ ቆዩ።

ከዚያ ወደ ይፋግ ቆላ ወርደው ያገኘዎ የንዳድ ትኩሳት አልጋ ላይ ጣለዎ። በሦስተኛው ቀን ከቀትር በኋላ ዓይንዎን ገለጥ አድርገው «እስቲ ያን የፈረንጅ ነገር አንብብልኝ» አሉኝ። ደነገጥሁ። መጽሐፉን አምጥቼ እያነበብሁ ወደ አማርኛ መለስሁልዎ። ታሪኩ ስለ አንዲት ባሏ የሞተባት ሸማኔ ነው፤ አንድ ልጇ ለመርከብ ሥራ ሄዶባታል። ዓመት በመጣ ቁጥር ሸሚዝ ትሠራለታለች። ልጁ ማደጉን ትረሳና ሁልጊዜ በሄደ ጊዜ በነበረው ልክ ትሰፋዋለች። ስጨርስ የተኙ መስሎኝ ልነሣ ስል፣

«ማሰሪያ አንቀጹን፣ ነገሩን የሚዘጋውን ግስ፣ ፈረንጆቹ የት ያኖሩታል?» አሉኝ።

«አንዳንድ ጊዜ መጨረሻ ላይ፣ እንደኛው።»

ፈገግ አሉ። ተማሪ ያማረ ቅኔ ሲቆጥርልዎ የሚያሳዩት ፈገግታ ነበር። «ሴትዮዋ እውነት ናት» አሉና ፊትዎን ወደ ግድግዳው መለሱ። በማግሥቱ ዐረፉ። የፈረንጁን ትምህርት ቀጥልም አላሉኝ፤ ተውም አላሉኝ።

አሁን ያ ጀርመን ታሟል፤ ንጉሡም ወደ አገሩ እንዲመለስ ፈቅደውለታል። «ከእኔ ጋር ብትመጣ፣ ዩኒቨርሲቲ የሚባል የሊቃውንት ጉባኤ አለ፤ እዚያ አዋቂ ሰዎች ተቀምጠው የዘመናቸውን ደራስያን ሳይቀር ቃል በቃል ይመረምራሉ፤ ቅኔ ቤት ያደገ ሰው እዚያ አያፍርም» አለኝ። ይህን ከሰማሁ ወር አለፈኝ። ስንቄን አሰርሁ፤ ፈታሁ፤ ደግሞ አሰርሁ። ስንት ቀን መቃብርዎ ድረስ መጥቼ አንድ ቃል ሳልናገር ተመለስሁ!

ባለፈው ማክሰኞም ወደዚያው ስጣደፍ እናቴ ገብሷን ስታርም አየችኝ።

«ወዴት ነው እንዲህ የምትሮጠው?» አለች።

«አባቴን ላስፈቅድ።»

ቀና ብላ ወገቧን ያዘች። «የሞተ ሰው ስትጠይቅ ዓመት አለፈህ። እኔ አለሁ አይደለም? እኔን ለምን አትጠይቀኝም?»

አፈርሁ፣ የኔታ። ከተወለድሁ ጀምሮ አንድ ቀን እሷን አስፈቅጄ አላውቅም፤ ሁሉን ነገር ከእርስዎ ጋር ጨርሰን ነበር ለእሷ የምንነግራት። እዚያው ገብሱ መካከል ተንበርክኬ ጠየቅኋት። ብዙ አረም ነቀለች። ከዚያ «ሂድ» አለችኝ፤ «ስትመለስ ካለሁ ያየኸውን ትነግረኛለህ። ከሌለሁም ለአባትህ እንደምትጽፈው ትጽፍልኛለህ።» ይህን ብላ እንደገና ጎንበስ አለች። ፊቷን አላሳየችኝም።

ሰኞ ከነጋዴዎች ጋር ወደ ጎንደር እንነሣለን፤ ከዚያም ወደ ምጽዋ። ልቤ አልረጋም፤ እስኪረጋም አልጠብቅም። እርስዎ ያልወደዱትን አድርጌ እንደሆነ ይቅር ይበሉኝ። ወደውት ከነበረም፣ ሳይነግሩኝ በመሄድዎ አዝኜብዎ ነበርና ለእሱም ይቅር ይበሉኝ።

በዚያ አገር ቤተ ክርስቲያን የሙታንን ስም እንደኛ እየጠራ የሚጸልይ የለም አሉ። እንግዲያው ያረፉበት ቀን በመጣ ቁጥር፣ በማላውቀው ከተማ፣ ማንም ባይሰማኝ፣ እኔ ዲያቆኑ ፊቴን ወደ ምሥራቅ መልሼ ቆሜ «አዕርፍ ነፍሰ ገብርከ ወልደ ትንሣኤ» እላለሁ። ስምዎን ሙሉውን፣ ሳልቸኩል፣ እጠራዋለሁ።

ልጅዎ