ስለ አቶ ላቀው ገሠሠ ዕረፍትና ቆልፈዋቸው ስለ ሄዱት ኮምፒውተሮች ከማኅበራችን የተሰጠ መግለጫ

የደባርቅና የዳባት የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያዎች ማኅበር መሥራች አባሉ አቶ ላቀው ገሠሠ ባደረባቸው ሕመም ጎንደር ሲታከሙ ቆይተው ታኅሣሥ 9 ቀን 2010 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት መለየታቸውን ለአባላቱ፣ ለደንበኞችና ለአካባቢው ሕዝብ ያስታውቃል። ሐዘናችን ሁለት ነው። አንደኛው ለሰውየው ነው፤ ሁለተኛው ቆልፈው ለሄዱት ኮምፒውተር ሁሉ ነው። ሁለተኛው እንደሚበልጥ ቤተሰባቸውም ያውቃል፤ ስለዚህ አንደብቅም።

አቶ ላቀው በ1964 ዓ.ም. ዳባት ተወለዱ። በ1995 ዓ.ም. ደባርቅ መናኸሪያ አጠገብ የጽሕፈትና የጥገና ቤት ከፈቱ። በዚያን ጊዜ በከተማችን ኮምፒውተር የሚያበራ እንጂ የሚጠግን አልነበረም፤ የሙያቸውን ትልቅነት የምንመሰክረው ለሬሳ ክብር ብለን ሳይሆን እውነት ስለሆነ ነው። እሳቸውም እውነት መሆኑን ላገኙት ሰው ሁሉ ሲናገሩ ኖረዋል።

በ2003 ዓ.ም. ቤት ቁጭ ብሎ በኢንተርኔት የሌላውን ሰው ኮምፒውተር ማሠራት የሚያስችለውን ፕሮግራም ወደ አካባቢያችን አስገቡ። ደንበኛው ይደውላል፣ ስክሪኑ ላይ የወጣለትን ቁጥር ያነባል፣ አቶ ላቀው ደባርቅ ሆነው የዳባቱን ማውስ ያንቀሳቅሳሉ። ከዚያ ወዲያ ደንበኛው የሚሰማው «እጅዎን ያንሡ» የሚለውን ብቻ ነበር። የቢሮ ኃላፊውም ነጋዴውም እጁን አንሥቶ ማውሱ በራሱ ሲሄድ ሲያይ ይቆያል። ምን ተበላሽቶ ምን እንደ ተጠገነ የተነገረው ሰው የለም። የዳባቱ እህል ነጋዴ አቶ ጠይብ አንድ ቀን ደፍረው ቢጠይቁ፣ «ብነግርዎት ምን ያደርግልዎታል? ይልቅ ገብስዎን ይስፈሩ» ተብለዋል።

በ2006 ዓ.ም. ስልኩ እየተቆራረጠ ቁጥር ማስነበቡ ሰለቻቸው። ስለዚህ ከዳባት እስከ በየዳ በሚያገለግሏቸው ኮምፒውተሮች ሁሉ ላይ አንድ ቋሚ የይለፍ ቃል አኖሩ። ኮምፒውተሮቹንም ፋይሎቹንም በዚያው ቃል ቆለፉ። ለደኅንነት ነው አሉ። ከማን ለመጠበቅ እንደሆነ ግን ግልጽ ነበር፤ ከእኛ ከሙያ ባልደረቦቻቸው። ቃሉን የጠየቃቸው ሁሉ ያገኘው መልስ ተመሳሳይ ነው፤ «ከንስሐ አባቴ በቀር የሚያውቀው የለም»። ጉራቸው ብዙ ስለ ነበር ይህንንም ከጉራቸው ቆጠርነው።

ከዚያ ዓመት ጀምሮ ባለቤት በገዛ ኮምፒውተሩ ፊት ቆሞ የሚጠብቅበት ልማድ ተፈጠረ። አቶ ላቀው ጠዋት ጠዋት ከአልጋቸው ሳይወርዱ በስልካቸው እየገቡ የየቢሮውን ኮምፒውተር አንድ በአንድ ይከፍቱ ነበር። ሠራተኛው ሲገናኝ ከሰላምታው ቀጥሎ «ላቀው ተነሥቷል?» ይባባል ነበር። እሳቸው የድግስ ማግስት ካረፈዱ ቢሮውም አብሮ ያረፍዳል። ይህን የታዘዙበት ቦታ የለም፤ የከለከላቸውም አልተገኘም።

በ2009 ዓ.ም. መጀመሪያ ኢንተርኔት በተቋረጠባቸው ወራት ደባርቅ ውስጥ በባጃጅ እየዞሩ ለመክፈት ተገደዱ። ቃሉን ሲጽፉ ጋቢያቸውን ኪቦርዱ ላይ ጥለው «ፊትዎን ያዙሩ» ይሉ ነበር። ፊቱን ያላዞረ ሰው አልሰማንም። በየዳ ግን አልሄዱም፤ መንገድ ላይ ያለችውን ቡይት ራስን እንኳ አላለፉም። የበየዳው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ደጋግሞ ቢደውልላቸው የሰጡት መልስ «ኢንተርኔቱ ሲመጣ እመጣለሁ» የሚል ነበር።

ባለፈው ኅዳር ሲታመሙ ለጥቂት ቀናት ከሆስፒታል አልጋ ላይ ሆነው መክፈታቸውን ቀጠሉ። ከዚያ አቃታቸው። የማኅበራችን ተወካዮች ጎንደር ሄደው ቃሉን ለአንድ ሰው፣ ለሚያምኑት ለማንም ቢሆን እንዲነግሩ ለመኗቸው። «ስነሣ ራሴ እከፍተዋለሁ። እናንተን ማን ጠራችሁ?» አሉ። የመጨረሻ ኦፊሴላዊ ንግግራቸው ይህ በመሆኑ ሳናሳምር አስፍረነዋል።

ጉዳቱ ከሁሉ የከፋው በበየዳው ትምህርት ቤት ላይ ነበር። የአሥረኛ ክፍል ተፈታኞች ስምና ፎቶ ተመዝግቦ ያለው በዚያ በተቆለፈ ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ምዝገባው እስከ ረቡዕ ታኅሣሥ 11 ካልተላከ ልጆቹ ዘንድሮ አይፈተኑም። የትምህርት ቤቱ የሪከርድ ሠራተኛ ወ/ሪት ዘቢደር ያርጋል ኮምፒውተሩን በብርድ ልብስ ጠቅልላ በጭነት መኪና ወደ ደባርቅ አወረደችው። ሰብረን ብንገባ ፋይሉ እንደሚጠፋ ነገርናት። እንደገና መመዝገብ አይቻልም ወይ ብንላት፣ «ልጆቹ ለአጨዳ አገር ለአገር ተበትነዋል፤ ማንን ከየት ሰብስቤ ፎቶ ላስነሣ?» አለችን። ቢሯችን ውስጥ ኮምፒውተሯን አቅፋ ተቀምጣ ሳለች ነው መርዶው የመጣው።

ማክሰኞ ዕለት ማኅበራችን ለሟች ክብር ቢሮውን ዘግቶ ለቀብር ወጣ። የምዝገባው ቀን ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው ቢሮ የዘጋነው ሁሉን ለዘጋብን ሰው ነው። ወ/ሪት ዘቢደርም ሌላ መሄጃ ስላልነበራት ተከትላን መጥታ ከሴቶቹ ጋር ቆመች።

የሟች ንስሐ አባት ቄስ ሀብተ ሚካኤል ፍትሐቱን ሲያደርሱ አቶ ላቀውን በክርስትና ስማቸው ጠሯቸው። የክርስትና ስም በአገራችን ለማንም የሚነገር አይደለም፤ ጎረቤት ቀርቶ ብዙ ወዳጅ አያውቀውም። ለይለፍ ቃል ከዚህ የተሻለ አይገኝምና ምርጫቸውን እናደንቃለን። ይሁን እንጂ ያ ስም ሰው ሲሞት በአስከሬኑ ላይ ጮክ ተብሎ እንደሚጠራ ረስተዋል። በስንቱ ሰው ፍትሐት ላይ ቆመው ሰምተዋል! አንድ ቀን የራሳቸው እንደሚመጣ ግን በሐሳባቸው አልነበረም። ሌላው ሁሉ ሟች ነው ብለው ያስቡ እንደነበር ከአያያዛቸው መረዳት ይቻላል።

እኛ ስሙን ሰምተን አንገታችንን ደፋን። ወ/ሪት ዘቢደር ግን ያንን «ከንስሐ አባቴ በቀር» የሚል አነጋገር በስልክ ስንት ጊዜ ሰምታው ነበርና እንደኛ ጉራ ብላ አልተወችውም። አስከሬኑ ሳይወርድ ከሰው መሀል ወጣች። «አፈር ሳይለብስ ጥላው ሄደች» ተብላ ታማች። በቤተ ክርስቲያኑ በር አጠገብ የነበሩትን የማኅበሩን ጸሐፊ «ጌታዬ፣ የቢሮውን ቁልፍ ይስጡኝ፤ ስሙን ሰማሁት» አለቻቸው። ጸሐፊው ሐዘኑ ያናወጣት መስሏቸው ቁልፉን ሰጧት፤ ከኋላዋም ሄዱ። ስሙን ጻፈች፤ ኮምፒውተሩ ተከፈተ። ምዝገባው በዚያው ከሰዓት በኋላ ተላከ፤ የበየዳ ልጆች ይፈተናሉ። አቶ ላቀው ለአካባቢው ከሰጡት አገልግሎት ሁሉ ትልቁ ይህ ነው፤ የሰጡትም በሬሳ ሣጥን ውስጥ ሆነው ነው።

በዚያው ምሽት አቶ ጠይብ ደወሉ። እሳቸውም ከዳባት ለቀብር መጥተው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ቆመው ስሙ ሲጠራ ሰምተው ነበር። የዘቢደርን ወሬ ሰምተው ሱቃቸው ሲገቡ ሞክረውታል። «እጄን ሳላነሣ ከፈትሁት» አሉን፤ ሲስቁ ነበር። ሳቃቸውን አንወቅስም። ነገር ግን ለአቶ ጠይብ የከፈተ ስም ቀብር ላይ ለቆመ ሁሉ፣ ለሌባም ጭምር፣ የማንንም ቢሮ እንደሚከፍት ማወቅ ያስፈልጋል።

የሟች ባለቤት ወ/ሮ ሸጊቱ ስሙ በዚህ መግለጫ እንዳይጻፍ ጠይቀዋል። «እሱስ በሰው ዕቃ ላይ ሲለጥፈው ኖረ፤ እናንተ እንኳ ለነፍሱ ተዉለት» ብለዋል። ከሟች ቤት የሰማነው የመጀመሪያው ቅን ንግግር ነውና ተቀብለነዋል። ስሙን የምትፈልጉ ደንበኞች ኮምፒውተራችሁን ይዛችሁ ቢሮ ኑ፤ ከፍተን እናስረክባችኋለን። አዲሱን ቃል ራሳችሁ ትመርጣላችሁ፣ ራሳችሁ ትጽፋላችሁ። በዚያን ጊዜ ፊቱን የሚያዞረው የእኛ ባለሙያ ነው። የክርስትና ስም ግን እንዳትጠቀሙ አደራ እንላለን፤ ሁላችንም ሟቾች ነን።

ማኅበራችን ለወ/ሮ ሸጊቱ፣ ለልጆቻቸው፣ እንዲሁም እጃቸውን አንሥተው ለኖሩት ደንበኞች በሙሉ መጽናናትን ይመኛል።

የአቶ ላቀው አርባ ጥር 18 ነው። ቄስ ሀብተ ሚካኤል በዚያን ቀን ስሙን እንደገና ይጠሩታል፤ ሕዝቡም እንደገና ይሰማል። ስለዚህ ከዚያ በፊት የይለፍ ቃሉ በአንድም ኮምፒውተር ላይ ሳይለወጥ እንዳይቀር በጥብቅ እናሳስባለን። በዚያን ቀን ስሙ የሚከፍተው በር ካለ የሰማዩ ብቻ ይሁን።

የደባርቅና የዳባት የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያዎች ማኅበር
ደባርቅ፣ ታኅሣሥ 2010 ዓ.ም.