የሺን ንፋስ እንዳይመታት

ሰኞ
ዛሬም ከአልጋ አልወረደችም። ሐምሌ ሲገባ የባለቤቴ የየሺ ጉልበት ተቆለፈ። ሂተር እንዳልሰካ መብራቱ ሲሄድ ሲመጣ ይውላል። የጀሞ ኮንዶሚኒየም ግድግዳ ደግሞ ብርዱን እንደ ቂም ይዞ ያሳድረዋል። “ምን ይደረግ፣ ክፍለ ከተማችን ስሙ ራሱ ንፋስ ስልክ ነው፤ ሲጠራ ያነሣሽው አንቺ ነሽ” አልኳት።
“ሲጠራ የማይሰማ ደንቆሮ አግብቼ ማን ያንሣው?”
አሸነፈችኝ።

ማክሰኞ
ሥራ ዋልኩ። አልጋውን ከውጭው ግድግዳ ክንድ ያህል ሳብኩት። መጋረጃው ላይ አሮጌ ብርድ ልብስ ደረብኩ። የመስኮቱን ስንጥቅ በጨርቅ፣ የበሩን ሥር ባረጀ ሱሪዬ ጠቀጠቅሁት። ሙቅ ውሃ በጠርሙስ፣ ጠርሙሱን በካልሲ፣ ከዚያ እግሯ ሥር። “ይሄ ካንተ ይሻላል፤ አያንኮራፋም” አለች።
አብራን የምትኖረው የልጅ ልጃችን ቤዛ ማታ ከሥራ ገብታ ዙሪያውን አየች። “አባባ፣ አየሩ በየት ይግባ?”
“ታክሲ ውስጥ መስኮት ክፈቱ ብለሽ ተሰድበሽ አታውቂም? እኛን የሚገድለን ንፋስ ብቻ ነው” አልኳት። እሷም ሳቀች።

ረቡዕ
ከጠዋት ጀምሮ ዝናብ። መብራት የለም። የሺ ከንፈሯ ጠቁሮ ትንቀጠቀጣለች። ቤዛ ሥራ ሄዳለች። በረንዳ ላይ ከሰል አቀጣጠልኩ። ጭሱ እስኪያልቅ ጠብቄ፣ ፍሙ ሲቀላ ምድጃውን መኝታ ቤት አስገባሁና በሩን መልሼ ጠቀጠቅሁ። የቀላ ከሰል ምንም አያደርግም፤ እናቴም እንዲህ ነበር የምታሞቀን። የሺ እጇን ዘረጋች፣ ጉንጯ ቀላ። “ሙሽራ መሰልሽ” ስላት “አንተ ግን ሚዜም አትመስል” አለችኝ። አጠገቧ ተቀምጬ ይህን እጽፋለሁ። ራሴን ትንሽ ያመኛል። መነጽሬ ይሆናል።

ሐሙስ
እጄ አልታዘዝ ብሎኛል።
ትናንት ደብተሩን ከድኜ “የሺ፣ ይሄ ሙቀት ለሁለተኛ ሰርግ አይበቃንም?” አልኳት። ዝም። ደገምኩት። ዝም። እሷ እኮ እንቅልፍ ላይ ሆና እንኳ ትመልስልኛለች! ልነሣ ስል እግሬ ከዳኝ። በዳዴ በሩ ጋ ደረስኩ፤ ስስበው ሱሪው ያዘው። የገዛ ሱሪዬ። እንደምንም ነቅዬ ከፍቼ ጮህኩ። ጎረቤቶች በብርድ ልብስ አራቱን ፎቅ አወረዷት።
ሆስፒታል ሐኪሟ “ጭሱ ቢያልቅም መርዙ አለ፤ አይታይም፣ አይሸትም” አለችኝ። የእናቴ ቤት ሳር ክዳን ነበር፤ በየቀዳዳው ይተነፍሳል። እኔ ያንን ረስቼ ቀዳዳ አደንኩ።
ቤዛ አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ዓርብ
አፍንጫዋ ላይ ኦክስጅን። ዓይኗን ገልጣ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች። ነርሷ “አባቴ፣ ያነጋግሯት” አለችኝ። ምን ልበላት? የማውቀው መቀለድ ብቻ ነው።

ቅዳሜ
ጠዋት “ይቺ ልጅ ማን ናት?” ብላ ጠየቀች። ቤዛን ነው። ቤዛ ኮሪደር ወጥታ አለቀሰች።
ከሰዓት የጎን አልጋው አስታማሚ “ጋሼ፣ መስኮቱን ይዝጉልን፣ ንፋስ ይመታናል” አለኝ። “አይዘጋም!” ብዬ ጮህኩበት፤ ክፍሉ ሁሉ ዞሮ አየኝ።
የየሺ ከንፈር ተንቀሳቀሰ። ጎንበስ አልኩ።
“ይጠራል” አለች።
“ምኑ?”
“ስልኩ… አንሣዋ፣ ደንቆሮ።”
ቤዛን ገና አላወቀቻትም። እኔን ግን አውቃኛለች።